ለድልድያቸው ሁለት ገጽ፣ ለዋሻችን አንድ ቃል

ኖርዌይ ገጠር ውስጥ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ በረዶውን ለምጄዋለሁ። ጨለማውንም እንደምንም ችዬዋለሁ። እስካሁን ያልተዋጠልኝ መጽሐፋቸው ነው።

ቢግደቡክ ይሉታል። የአንድ ገጠር አካባቢ ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ ነው። ታሪክ ስላችሁ ንጉሥና ጦር ሜዳ እንዳይመጣባችሁ። ንጉሥ እዚህ ብዙም ቦታ የለውም። ያለው እርሻ፣ ቤትና ሰው ነው። እያንዳንዱ እርሻ በስሙ ተጠርቶ፣ ከ1600ዎቹ ጀምሮ ማን እንዳረሰው፣ ማንን እንዳገባ፣ ስንት ልጅ እንደወለደ፣ ስንቱን እንደቀበረ፣ ስንት ላም እንደነበረው ተዘርዝሯል። ዕዳው እንኳ አልቀረለትም። የእኛ ኮሙነ፣ ወረዳ እንደማለት ነው፣ መጽሐፉ አራት ቅጽ ነው። አንዱ ቅጽ ብቻ ጡብ ያክላል። በየሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ታገኙታላችሁ። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ይልቅ እሱ እንደሚገለጥ ጠርዙን አይቶ ማወቅ ይቻላል።

ወጪውን ብዙውን ጊዜ የሚችለው ኮሙነው ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ጸሐፊ በደመወዝ ይቀጠራል፣ ሥራው ዓመታት ይፈጃል። በግብር ከፋዩ ገንዘብ! የእገሌ ላም በስንት ተሸጠች ለማለት! አገሪቱ ውስጥ 357 ኮሙነ አለ። ገጠር የሆነው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ መጽሐፍ አለው። የሌለው ደግሞ ያስጽፋል፣ ወይም ለምን አልተጻፈልንም ብሎ ያጉረመርማል።

እኔ የተከራየሁት ቤት ሳይቀር አለበት። አከራዬ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ናቸው። ቡና ልጠጣ በገባሁበት መጽሐፉን አወጡና ገጹን ገልጠው ሰጡኝ። ለካ ቤቴ የጭሰኛ ቤት ኖሯል። አዎ፣ ጭሰኛ። እነሱም ነበራቸው። ለባለ እርሻው ጉልበቱን እየገበረ፣ ድንች የሚተክልባት ቁራሽ መሬት የሚሰጠው ሰው። እ.ኤ.አ. በ1801 እዚህ ቤት ውስጥ ባል፣ ሚስት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት ከምጽዋት በስተቀር ሌላ መተዳደሪያ የሌላት አሮጊት ይኖሩ ነበር። ሁሉም ከነስማቸው፣ ከነዕድሜያቸው። ከልጆቹ ሁለቱ በአንድ ክረምት ሞተዋል። ወረድ ሲል፣ በ1880ዎቹ፣ አንድ ጎረምሳ «ወደ አሜሪካ ሄደ» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለሱ ምንም የለም። እኔ እነዚህ ሁሉ በኖሩባት ኩሽና ውስጥ ሽሮ እሠራለሁ።

ይሄ ሁሉ ከየት መጣ ብትሉ ምትሃት የለበትም። ቄሱ ያጠመቀውን፣ ያጋባውንና የቀበረውን ጻፈ። ግብር ሰብሳቢው የሚሰበስበውን ጻፈ። በ1801 ደግሞ አገሩ ሁሉ በስም ተቆጠረ። ያ መዝገብ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል። የ1920ው ቆጠራም መቶ ዓመት ሲሞላው፣ በ2020 ለሕዝብ ተለቀቀ። እኛ በአገር ደረጃ የተቆጠርነው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። የደረሰን ድምሩ ነው። ይህን ያህል ሺህ ወንድ፣ ይህን ያህል ሺህ ሴት። እናቴ አንዱ ሺህ ውስጥ አለች።

ከሁሉ የገረመኝ ድፍረታቸው ነው። አከራዬ የቅድመ አያታቸውን ስም በጣታቸው እያሳዩ «ይቺ ከጋብቻ ውጭ ነው የተወለደችው፤ አባቷ ነው የተባለው ሰውዬ ክዶ ነበር» ይላሉ። ደግሞ ይስቃሉ! ሰውዬው የታችኛው እርሻ ባለቤት ነበር። የልጅ ልጅ ልጁ ዛሬም እዚያው ነው፣ ትራክተር ይዋዋሳሉ። እስቲ እንዲህ ያለ ነገር እኛ ሰፈር ይጻፍ። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል፣ ቀጥሎ ክስ ይመጣል፣ ካልሆነም ዱላ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ አሳቀኝ፣ ወዲያው አናደደኝ። መጽሐፉ ውስጥ ስማቸው ልክ እንደኛ ነው። አባት ሃንስ ከሆነ ልጁ ኡለ ሃንሰን ይባላል። የኡለ ልጅ ደግሞ ሃንስ ኡልሰን። በየትውልዱ ይቀየራል። እርሻ ሲቀይሩም ስማቸው አብሮ ይቀየር ነበር። ሁሉም ሰው ቋሚ የቤተሰብ ስም ይኑረው የሚለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። የትናንት ነው እኮ! ታዲያ በየመሥሪያ ቤቱ «የልጅህ የቤተሰብ ስም ለምን ካንተ ይለያል?» እያሉ የሚያደርቁኝ እነማን ናቸው? የእነ ኡለ ሃንሰን የልጅ ልጆች! ለመዋዕለ ሕፃናት ቅጽ ስሞላ ተጠየቅሁ። ኤርፖርት ላይ ልጄን አቅፌ «አባቷ ለመሆንህ ማስረጃ አለህ?» ተባልኩ። ልጅቱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አባዬ» እያለች። ከአሁን በኋላ የመጽሐፋቸውን ሦስተኛ ቅጽ ይዤ ነው የምጓዘው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አከራዬ ቡናቸውን ጨርሰው «የአንተ ከተማ መጽሐፍስ ስንት ቅጽ ነው?» አሉኝ። አለህ ወይ አላሉም። ስንት ቅጽ ነው ነው ያሉት።

እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። የደሴን መንገድ የሄደ ሰው ያውቃታል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ፣ ጉሙን እየቀደደ፣ ቁልቁል ገደሉን ተጠማዝዞ ሲወርድ የምትመጣው ከተማ ናት። መኪናው ገና ሳይቆም ቆሎ በመስኮት ይገባል። ምን ልበላቸው? ቆሎ አለን ልበል?

መጽሐፋቸው ውስጥ አንድ ድልድይ አለ። ድልድይ ካልነው ማለቴ ነው። ወንዙን እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ የምዘለው ዓይነት ነው። ሁለት ገጽ ተጽፎለታል። ድንጋዩ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ። ማን ጠርቦት፣ ስንት እንደተከፈለው። ሲሠራ ወንዝ ውስጥ የወደቀው ፈረስ የማን እንደነበር። ፈረሱ ስም አለው!

የእኛ ደግሞ ተራራ ነው የተበሳው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማን ቆፈረው ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ቃል ነው። «ጣሊያን።» በቃ። ጣሊያን አዘዘ እንበል፤ ድንጋዩን የፈለጠው እጅ የማን ነበር? ከየት መጣ? ተከፈለው ወይስ ተገረፈ? ስንቱ እዚያው ቀረ? አያቴን ስጠይቃቸው እሳቸውም «ጣሊያን ነው ልጄ» ነበር ያሉኝ። የራሳቸው አጎት እዚያ ድንጋይ ሲሸከሙ እንደነበር የሰማሁት በሌላ ቀን፣ ስለ በቅሎ በሚወራበት ወሬ መሃል ነው። ቁም ነገር አልመሰላቸውም። የአጎታቸው ሸክም ታሪክ ነው ብሎ የነገራቸው የለማ!

ስለ ከተሞቻችን ምንም አልተጻፈም ማለቴ አይደለም። ነፍሳቸውን ይማርና ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ሁለት ቅጽ ጽፈዋል። በእንግሊዝኛ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎችም ለመመረቂያ ብለው የብዙ ከተሞችን ታሪክ ሠርተዋል። ልጁ ወደ ትውልድ ከተማው ይሄዳል፣ ሽማግሌዎቹን ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል፣ ማን መጀመሪያ ጠጅ ቤት እንደከፈተ፣ ገበያው ከየት ወዴት እንደዞረ ይጽፋል። ሸጋ ሥራ ነው። እሱም በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ስድስት ኪሎ ይቀመጣል። ሽማግሌው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ተናግረው፣ የተናገሩት በማያነቡት ቋንቋ፣ በማይደርሱበት ከተማ ተቆልፎበታል። የከተማዋ ልጅ ደግሞ ስለ ከተማው ማወቅ ሲፈልግ ፌስቡክ ላይ ይሰዳደባል።

በአማርኛ በእጃችን የሚገባው የኢዮቤልዩ መጽሔት ነው። ታውቁታላችሁ። የአንድ ትምህርት ቤት ሃምሳኛ ዓመት በዓል መጽሔት ዘመድ ልኮልኝ አሁንም አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ የክብር እንግዳው መልእክት ነው። ቀጥሎ የአስተዳዳሪው መልእክት፣ ከነክራቫታቸው። ቀጥሎ የዝግጅት ኮሚቴው መልእክት። ቀጥሎ የዘይት ፋብሪካ ማስታወቂያ። ታሪኩ ገጽ ተኩል ነው፤ ሲጀምር «ከተማችን ጥንታዊ ናት» ይላል፣ ሲጨርስም ይደግመዋል። የመጀመሪያው ዘበኛ ማን ነበር? ውሃ የምትቀዳላቸው ሴትዮስ? የሉም። ግለሰቦች የሚያሳትሙት መጽሐፍም አለ፤ እሱ ደግሞ ዋና ጉዳዩ ከተማዋን ማን ቆረቆረ ነው። ምረቃው ላይ ግማሹ አዳራሽ ያጨበጭባል። ግማሹ የእኛ አያት ለምን ተዘለሉ ብሎ ወጥቶ ሌላ መጽሐፍ ሊጽፍ ይሄዳል።

አንዳንዱ ወዳጄ «እነሱ የመጻፍ ባህል አላቸው፣ እኛ የለንም» ይለኛል። አይዋጥልኝም። ዘር መቁጠርን ማን ይችልብናል? ጎጃምና ጎንደር ርስት የሚጠይቅ ሰው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ፣ ምስክር አቁሞ ነበር የሚረታው። አንድ ትውልድ ቢዘል መሬቱን ያጣ ነበር። የመሬት ስጦታውና ሽያጩም ከነምስክሮቹ ስም በየደብሩ ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ጥቅም ሲኖረው ጽፈናል፣ ቆጥረናል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ጭሰኛው ከባለ መሬቱ እጅ ወጣ፣ እሰየው። ግን ያ ሁሉ ቆጠራ በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። ከዚያ በኋላ የዘር ሐረጉን በቃሉ የሚይዝ ልጅ ምን ሊሠራለት? አሁን ደግሞ ዘር ቆጠራ ሲባል ሌላ ነገር እየመጣብን፣ አባቶች ቢያውቁም አይናገሩም። ስለዚህ ነው ሰው ከመጻፉ በፊት ግራ ቀኙን የሚያየው። አልፈርድበትም።

የእነሱም መጽሐፍ ቢሆን ፍጹም አይደለም። የተደረደረው በእርሻና በቤት ስለሆነ፣ ቤት የሌለው ሰው ገጽ የለውም። እየዞሩ ዕቃ የሚጠግኑና የሚሸጡ ተጓዦች ነበሯቸው፤ እነሱን ብትፈልጉ የምታገኙት በሰው ቤት ገጽ ላይ፣ ጥግ ላይ ነው። ደግሞ ማንበቡ ይሰለቻል። ላም፣ በግ፣ ጥምቀት፣ ቀብር፣ ላም፣ በግ። እኔ ግን የጭሰኛውን ገጽ ደጋግሜ አነበዋለሁ። አከራዬን «ቀጣዩ ቅጽ ሲጻፍ እኔ እገባለሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቤቱ ውስጥ ኖረህ የለም እንዴ?» አሉኝ። ይሄው ነው መስፈርቱ።

ታዲያ የእኛስ የቤት ለቤት መዝገብ የት አለ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ እድር ትዝ አለኝ። የእድር መዝገብ! ማን መቼ ገባ። ማን ሞተበት። ማን ለቅሶ ሳይደርስ ቀርቶ ተቀጣ። ማን ከተማውን ለቆ ተሰናበተ። መጽሐፍ የሚያደርገው ሰው እንጂ ጽሑፉ አልጠፋም። አጎቴ ደግሞ የእድር ጸሐፊ ናቸው። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የድሮ መዝገቦቹ አሉ?»

«የትኛው ድሮ?»

«ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ያለው።»

«ሣጥን ውስጥ አለ። ምን ሊያደርግልህ?»

«በስልክ ፎቶ አንሥተው ቢልኩልኝ ብዬ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ምነው፣ ሰው ነገር ነገረህ? አባትህ እንደሆነ አንዲት የመዋጮ ዕዳ ሳይኖርበት ነው የሞተው።»

ስለ ኖርዌዮቹ መጽሐፍ አስረዳኋቸው። ስለ ቤቱ፣ ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ድልድዩ።

«ፈረሱ ሳይቀር?»

«ፈረሱ ሳይቀር፣ ጋሼ።»

«ሥራ የፈቱ ናቸው» አሉ። ግን ስልኩን አልዘጉም። ቆይተው «የመዝገቡን የመጀመሪያ ገጾች የጻፉት ባላምባራስ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው ያምር ነበር» አሉኝ። ደስ ሲላቸው ድምፃቸው ያስታውቃል። ወዲያው ግን ወደ ጸሐፊነታቸው ተመለሱ። መዝገቡ የማኅበር ንብረት ነው። ጉባኤው ሳይወስን ከሣጥን አይወጣም። ጉባኤው ላይ አጀንዳውን ሊያሲዙልኝ ቃል ገቡ። በዚያው የእድሩ ድንኳን አርጅቶ ዝናብ እንደሚያስገባ፣ አንድ ውጭ አገር ያለ ልጅ ቢያስብበት አባላቱ ነገሩን በበጎ እንደሚያዩት ጠቀስ አደረጉልኝ።

ዋጋው በማግስቱ በቴሌግራም ደረሰኝ። ከነወንበሩ ነው ያሰሉት።