ቡና የማይበቅልባት ዱባይ

ሰሞኑን እህቴ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ቡና ሰጥታ ላከችልኝ። ሰውየውን ኤርፖርት ላይ አስመዝነውት ከተፈቀደው በላይ ነው ብለው ገሚሱን አስቀሩበት። የተረፈውን እዚህ ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር ባለችው ጠባብ ኩሽናዬ ቆላሁት። የጭስ አላርሙ ጮኾ ሕንዱ ጎረቤቴ በሩን ሲደበድብ የሆነውን ለሌላ ቀን ላቆየው።

በሳምንቱ ቡናው አለቀና ሱፐርማርኬት ገባሁ። ይርጋ ጨፌ በሚያምር ከረጢት ታሽጎ ተደርድሯል። ገልበጥ አድርጌ ጀርባውን ሳነብ የተቆላው እዚሁ ኤምሬትስ ነው! በፈረንጆቹ 2019 እዚሁ ዱባይ ጀበል አሊ ላይ የቡና ማዕከል ከፍተዋል። የሰው አገር ጥሬ ቡና እዚያ ይከማቻል፣ ይቆላል፣ ይታሸጋል፣ ተመልሶ ውጭ ይሸጣል።

ሰዎቹ ነዳጅ አንድ ቀን ያልቃል ብለው ንግድ ላይ ከዘመቱ ቆዩ። በ2022 ከሕንድ ጋር ያደረጉት «ሴፓ» የሚባለው የንግድ ስምምነት ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ እስራኤል፣ ኢንዶኔዥያ፣ ቱርክ ተከተሉ። በጥር 2025 ደግሞ ከጎረቤታችን ከኬንያ ጋር ፈረሙ። ነገሩ ለፎቶ አይደለም። ከቤቴ ሥር ወርቅ የሚሸጠው ሕንዳዊ ከአገሩ በሚያስመጣው ሃብል ላይ ይከፍለው የነበረው 5 በመቶ ቀረጥ ቀርቶለታል። «ሴፓ ከመጣ ወዲህ» እያለ ነው የሚያወራው። ባለሱቅ የስምምነት ስም በቃሉ ሲጠራ ያየሁት እዚህ ነው።

እኛን የቸገረን መፈረሙ አይደለም። በፈረንጆቹ 2018 ከሶማሌላንዱ በርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ አገኘን ተብሎ ጮቤ ረግጠናል። 51 በመቶው የዱባዩ ወደብ አስተዳዳሪ ኩባንያ የዲፒ ወርልድ፣ 30ው የሶማሌላንድ ነበር። በ2022 ሶማሌላንድ «ኢትዮጵያ የሚጠበቅባትን ስላላሟላች ድርሻዋ ቀርቷል» አለች። ያኔ ጮቤ የረገጥን ሰዎች ዝም። ዲፒ ወርልድ ግን ወደቡ ላይ ሥራውን ቀጥሏል። ገንዘብ ስላላቸው ነው የሚል አይጠፋም፤ ሐቅ አለው። ሶማሌላንድስ ምን ነዳጅ ነበራት?

በፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያና ኤምሬትስ እኩል ብሪክስ የተባለውን የአገሮች ስብስብ ተቀላቀሉ። በዚያው ክረምት ብሔራዊ ባንኮቻቸው 46 ቢሊዮን ብርና 3 ቢሊዮን ድርሃም ለመለዋወጥ ተፈራረሙ። ዜናውን የሰማ ባለታክሲ ጓደኛዬ «እና አሁን ብር ይዤ ሄጄ እዚህ ይመነዝሩልኛል?» አለኝ። ሳቅን።

ከረጢቱን ገዛሁት፣ ምን ላድርግ። ማታ እህቴ ደውላ «ቡናው እንዴት ነው?» አለችኝ። እየጠጣሁ ነው አልኳት። የየትኛውን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።