ለስላሳ አፈር ፍራሽ አይደለም
ስለ ርዕደ መሬት የወጣው ጽሑፍ «ከርዕደ መሬቱ መነሻ የራቀ ከተማ ብዙም አይጎዳም» የሚለው ሐሳቡ አላሳመነኝም። ሜክሲኮ ሲቲን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1985 የደረሰው፣ በመጠን 8.0 የተለካው ርዕደ መሬት መነሻው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። ከተማዋ ውስጥ ግን ሺዎች ሞቱ። ምክንያቱ አፈሩ ነው፤ ክፉኛ የተመታው ሰፈር ያረፈው በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ ነው። ከላይ አስተያየት ከሰጡት አንዱ «ለስላሳ አፈር እንደ ፍራሽ ንዝረቱን ይውጠዋል» ብሏል። ወንድሜ፣ ሁሌ እንደዛ አይደለም። ሞገዱ ከአለት ወደ ለስላሳ አፈር ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ውዝዋዜው ግን ይጎላል። ብዙ ዓይነት አፈር በኃይል ሲናወጥ ውስጡ እየተፋተገ ንዝረቱን ያበርዳል። የሜክሲኮው ጭቃ ግን እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ይመለሳል፤ የሚያበርደው ጥቂት ነው። ስለዚህ በየ2 ሰከንዱ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየ። ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች የራሳቸው የመወዛወዝ ምት ከዚሁ ከአፈሩ ምት ጋር ገጠመና ጉዳቱ በእነሱ ላይ ባሰ። አጫጭሮቹ በብዛት ተረፉ። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን ሁሉም የሚጠይቀው «ስንት ሬክተር ነው?» ብቻ ነበር። «ከሕንፃችን ሥር ምን ዓይነት አፈር አለ?» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።