ቻሌንጅ እንጂ ፕሮብሌም አይባልም

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ ላይ ታሪክ ሲሠራ አየሁ። በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አርባ የምንሆን ሰዎች ተሰብስበን አንዲት ቃል ስናሳድድ አረፈድን። የተጠራነው ስለ ገጠር ውሃ ነበር። ሪፖርት አቅራቢው "ያጋጠሙን ፕሮብሌሞች" የሚል ስላይድ ከፈተ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ኃላፊ ወዲያው እጃቸውን አወጡ።

"ፕሮብሌም አይባልም፤ ቻሌንጅ በለው።"

ከኋላ ደግሞ አንዱ ተነሳ። ቻሌንጅ ከውጭ የሚመጣ ነው፣ የኛ ጋፕ ነው አለ። ሦስተኛው "ኢሹ ብንለውስ?" ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሳምቡሳው ደረቀ፣ ማንም ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ትጋት ከየት ይገኛል?

እውነቴን ነው፣ ኮራሁ። ጎጃም እኮ የቃል አገር ነው። በቅኔ ቤቶቹ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እየተባለ ስሙ የሚጠራው በከንቱ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ዛፍ ሥር ቅኔ ሲቆጥር፣ አንዲት ቃል ሰሟ ወዲህ ወርቋ ወዲያ እንድትሆንለት ቀኑን ሙሉ ይጨነቅላታል። እኛም ጭንቀቱን ሳናጓድል ወርሰን ፕሮጀክተር ወዳለበት አዳራሽ አስገባነው። ድሮ ቅኔ ይዘረፍ ነበር። ዛሬም ዘረፋው አልቀረም፣ የሚዘረፈው ቋንቋ ነው የተቀየረው።

የቃሉን ትርጉም ሳያውቁ ይመርጣሉ ብለው የሚያሙን አሉ። ምቀኝነት ነው። ቻሌንጅን እንውሰድ። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፣ ወደ ፈረንሳይኛም የመጣው ከላቲን። በላቲን ሥሩ የሐሰት ክስ ማለት ነበር። ስለዚህ "ብዙ ቻሌንጆች ገጥመውናል" ያለ ኃላፊ "በሐሰት ተከሰናል" ማለቱ ነው። ሥሩን ሳያዩ እንኳ ሐሳባቸውን በትክክል ገልጸዋል! ሴሚናርም በላቲን የችግኝ መደብ ነው። ሲምፖዚየም በግሪክ አብሮ መጠጣት ነው። ይኼኛውን እንኳ ማንም አያጓድለውም፤ ማታ ማታ በተግባር ይፈጸማል።

ደግሞስ ይህን መንገድ የጀመርነው እኛ ነን እንዴ? በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ወርሮ ያዘ። ጌቶቹ ፈረንሳይኛ ይናገሩ ጀመር፣ ሎሌው በቋንቋው ቀረ። ላሚቱን የሚያግዳት ሰው "ካው" ይላታል። ሥጋዋን የሚበላው ጌታ "ቢፍ" ይለዋል። ዛሬ እንግሊዝኛ ውስጥ ለአንድ ነገር ሁለትና ሦስት ቃል የሚገኘው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። ተራው ሰው ቢጠይቅ "አስክ" ነው። ፈረንሳይኛ የቀመሰው "ክዌስሽን" ይላል፣ ላቲን የጠቀሰው ደግሞ "ኢንተሮጌት"። እነሱ ግን እዚህ የደረሱት ተወርረው ነው። እኛ ማንም ሳያስገድደን፣ በፈቃዳችን፣ ያውም በውሎ አበል አደረግነው። ማን ይበልጣል?

አማርኛማ ምን አለው? እስኪ ለዚያች ስላይድ የሚሆን ቃል ፈልጉለት። ችግር፣ እክል፣ እንቅፋት፣ ጉድለት፣ ሳንካ፣ ጣጣ። እንቅፋት መንገድ ላይ ያገኝሃል። ጉድለት የራስህ ነው። ጣጣ ደግሞ አንዱን ስትፈታው ሌላው የሚመዘዝ። ወንፈልና ደቦም እንደዚሁ ናቸው። ወንፈል ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንተ ነው፣ ብድሩ ይቆጠራል። ደቦ ደግሞ ጠላ ጠምቀህ፣ እንጀራ ጋግረህ አገሩን የምትጠራበት ነው። ልዩነታቸውን እርፍ የጨበጠ ሁሉ ያውቀዋል። የነዚህ ቃላት ትልቁ ድክመትም ይኸው ነው፤ ገበሬው ይገባዋል።

ከአዳራሹ ውጭም ሥልጣኔው ደርሷል። አንድ የማውቀው ቡና ቤት ነበር። ካፌ ሲሆን ማኪያቶው ጨመረ። ላውንጅ ሲሆን እንደገና ጨመረ። ማሽኑ ያው፣ ስኒው ያው፣ አስተናጋጇም ያችው ናት፤ ድሮ "ወንድሜ ምን ላምጣልህ?" ትለኝ ነበር፣ አሁን "ኦርደር?" ትላለች። ግሮሰሪያችንን ደግሞ እንግሊዝ ቢያየው ዱቄትና ስኳር ሊገዛ ገብቶ ጃምቦ ጠጥቶ ይወጣል። ፔንሲዮን የሚል ሰሌዳ ቢያነብም ጡረታውን የሚቀበልበት ይመስለዋል። ይምሰለው! በሱ ቋንቋ ቃሉ የጡረታ አበል ነው፣ የፈረንሳዩ ነው እንግዳ የሚያሳድረው። እኛ ከሁለቱ የሚሻለውን መርጠናል።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ከኋላ ጥግ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከገጠር የመጡ የውሃ ኮሚቴ አባል ናቸው። እግራቸው ሥር ጆንያ አለ። ጠዋት በር ላይ ጥበቃው ሲፈትሽ የተሰበረ የፓምፕ እጀታ ነው ያወጣው።

"አባባ፣ ይህን ምን ያደርጉበታል?"

"ወርክሾፕ ነው ብላችሁ አልጠራችሁኝም? የልጅ ልጄ ቴክኒክና ሙያ የተማረ ነው። ወርክሾፕ ብየዳ ያለበት ቤት ነው አለኝ።"

ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ግን በእንግሊዝኛውም ቃሉ በመጀመሪያ መዶሻና መጋዝ ያለበት መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ከአርባ ሰው መካከል ትርጉሙን አውቀው የመጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ደግነቱ ማንም ይህን አላወቀባቸውም።

ክርክሩ ሲሞቅ ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"ልጆቼ፣ እስኪ አስረዱኝ። ፕሮብሌም ሳለ በሦስት ቀን ይጠገን ነበር። ቻሌንጅ ከሆነ ወዲህ ክረምቱ ወጣ። ጋፕ ከተባለ ስንት ጊዜ ይወስዳል?"

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ መድረክ መሪው "በጣም ጥሩ ኮሜንት ነው አባታችን" አለ። ወደ ጸሐፊዋ ዞሮም ሪፖርቱ ላይ የጊዜ ዓምድ እንዲጨመር አዘዘ። ጸሐፊዋ ቀና አለች።

"ዱሬሽን ልበለው ወይስ ፒሪየድ?"

እሱም እስከ ምሳ አደረሰን። እጀታውም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር ተባለ፤ ኢኩዊፕመንት ነው፣ ቱል ነው፣ ማቴሪያል ነው የሚለው ግን ለከሰዓት ተላለፈ።

ከሰዓት ሽማግሌው አልተመለሱም። እኔም ሾልኬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ጆንያቸውን ተሸክመው አገኘኋቸውና ተቀብያቸው አስፋልት ዳር ወዳለ ጋራዥ ሄድን። ልጁ እጀታውን አገላብጦ አየ። የኔን አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባጅም አየ።

"ብየዳ ነው ወይስ ዌልዲንግ?" አለኝ።

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ብየዳ ሁለት መቶ ብር። ዌልዲንግ በደረሰኝ ነው፣ አምስት መቶ።"

ሽማግሌው ባጄን ከአንገቴ አውልቀው ኪሴ ውስጥ ከተቱት።

"ብየዳ" አሉ።