የውሸት ፍቅር ስንት ምዕራፍ ይችላል? ክርክር በ«ኒሴኮይ» ዝግታ ላይ

የናኦሺ ኮሚ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) «ኒሴኮይ» እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2016 በጃፓኑ መጽሔት «ሳምንታዊ ሾነን ጃምፕ» ላይ ወጣ፤ 229 ምዕራፍ፣ በመጽሐፍ ሲጠረዝ 25 ቅጽ። የያኩዛ (የጃፓን የወንበዴ ቡድን) አለቃ ልጅ ራኩና የአሜሪካ ወንበዴዎች አለቃ ልጅ ቺቶጌ፣ ሁለቱ ቡድኖች እንዳይጨራረሱ ሲባል ለሦስት ዓመት ፍቅረኛ መስለው እንዲኖሩ ይገደዳሉ። የራኩ ልብ ግን የክፍል ጓደኛው ኦኖዴራ ዘንድ ነው። አንገቱ ላይ ደግሞ የተቆለፈ ሐብል አለ፤ ቁልፉን ከአሥር ዓመት በፊት ቃል የተጋባት፣ አሁን ማን እንደሆነች የማያስታውሳት ልጅ ይዛዋለች። መጨረሻውን ያላነበበ ከዚህ በታች ባይሄድ ይሻለዋል።

ደጋፊ፦ የማስመሰል ፍቅር የሚንቀሳቀሰው በተመልካች ነው። እዚህ ተመልካቹ ክሎድ ነው፤ የቺቶጌ ጠባቂ፣ ከመጀመሪያው ቀን የሚጠረጥራቸው። እሱ ሲያያቸው «ዳርሊንግ»፣ «ሃኒ» ይባባላሉ፤ ዞር ሲል ራኩ «ጎሪላ» ይላታል፣ እሷ «የባቄላ ቡቃያ» ትለዋለች። ስድቡ እንዴት ቀስ እያለ የቤት ስም እንደሚሆን ለማሳየት ጊዜ ያስፈልጋል። በሳምንት የሚገኘው ደግሞ 20 ገጽ ያህል ብቻ ነው፤ ውሸቱ ይጠየቃል፣ ይተወናል፣ አንድ እውነት ሾልኮ ይወጣል፣ ገጹ አለቀ። በአንድ ምዕራፍ ሁለት እውነት ካሾለኩ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚደበቅ አይኖርም።

ባሕር ዳርቻ ላይ ቺቶጌ የምር ፍቅረኛሞች ብንሆን ይሳካልን ነበር ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። እሱ ሳያስብበት አይሆንም ይላታል። ከዚያ ታኮርፈዋለች። ያስታረቃቸው የትምህርት ቤቱ «ሮሜዮና ጁልየት» ነው፦ ጁልየት የነበረችው ኦኖዴራ እግሯ ተጎድቶ ቺቶጌ ትተካለች። ፍቅረኛ መስለው የሚኖሩ ሁለት ልጆች መድረክ ላይ ፍቅረኛ ይተውናሉ። ያን ሁሉ ምዕራፍ ያላነበበ ሰው ይህን እንደ ተራ የትምህርት ቤት ቲያትር ነው የሚያየው።

ተቃዋሚ፦ ቲያትሩን እቀበላለሁ። የ2014ቱ አኒሜ (የካርቱን ፊልሙ) 20 ክፍሎቹን እዚያ ላይ መዝጋቱም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ክሴ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ እዚህ ቃል በቃል ቀለለ። ክሎድ መሳቂያ ሆነ፣ ቢጋለጡ የሚመጣው ጦርነትም ተረሳ። በቦታው ሐብሉ ገባ። ገና ከቲያትሩ በፊት ቁልፍ ተሞክሮ፣ ተሰብሮ ውስጡ ቀርቶ፣ ሐብሉ ጥገና ሄዶ ነበር። የፖሊስ አለቃው ልጅ ማሪካም ያኔውኑ ሌላ ቁልፍ ይዛ መጥታ ነበር፤ ከቲያትሩ በኋላ ደግሞ የራኩ የልጅነት ወዳጅ ዩዊ እንዲሁ። እያንዳንዱ አዲስ ቁልፍ ታሪኩን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ይህ ደግሞ ያለፈ ዘመን እንቆቅልሽ ነው፤ ማስመሰል ባይኖርም ይሄዳል።

መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ ምዕራፍ አንሡ፣ የውሸት ፍቅረኝነቱን አውጡት። ምዕራፉ ሳይነካ ከቆመ ማስረዘሚያ ነው። የቫለንታይን ቸኮሌቱ፣ የጉንፋን ጥየቃው፣ ፍልውሃው፣ አብዛኞቹ ሳይነኩ ይቆማሉ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይሄኛው ግን ለመሄድ በተነሣ ቁጥር ቅርፊቱ ውስጥ ተመልሶ ይገባል።

ደጋፊ፦ «ጃምፕ» አንባቢ በፖስት ካርድ የወደዳቸውን ሦስት ሥራዎች እንዲመርጥ ያደርጋል፤ በተደጋጋሚ ከታች የቀረ ይቋረጣል። አሥር ሳምንት ይኑረው አምስት ዓመት ያላወቀ ደራሲ የፍቅር ኑዛዜውን ቀድሞ አያቃጥልም። በዚያ ላይ መጨረሻውን ይመልከቱ፦ የቃል ኪዳኗ ልጅ ኦኖዴራ ሆና ተገኘች፣ ራኩ ግን ቺቶጌን መረጠ። የአሥር ዓመት ቃል ኪዳንን የሚመዝን ነገር ሌላኛው ሚዛን ላይ መኖር ነበረበት። ያ ነገር እርስዎ ማስረዘሚያ ያሉት ጉንፋንና ቸኮሌት ነው።

ተቃዋሚ፦ ፖስት ካርዱ ምክንያቱን ይነግረናል እንጂ ጥፋቱን አያስተሰርይም። ራኩና ኦኖዴራ የሚዋደዱት ከመጀመሪያው ነው፤ አንዳቸው ሊናገሩ ሲሉ ግን ሰው ይገባል፣ ድምፅ ይውጠዋል። አንዴ ልብ ይሰቅላል፤ ሦስተኛው ላይ የደራሲው እጅ ይታያል። በ2019 የጀመረው የታትሱያ ኤንዶ ማንጋ «ስፓይ ፋሚሊ» እንዲሁ በማስመሰል (በውሸት ትዳር) ላይ የቆመ፣ እንዲሁ ዘገምተኛ ነው። ነገር ግን የውሸት ሚስቲቱ የዮር ወንድም ዩሪ የምስጢር ፖሊስ ነው፤ ቤታቸው መጥቶ በፊቴ ተሳሳሙ ይላል። ተመልካቹ አልሞተም፣ ዋጋውም አልቀነሰም። ስለዚህ ለአዲስ አንባቢ የምለው፦ እስከ ቲያትሩ ያንብብ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻዎቹ ቅጾች ይዝለል።

ደጋፊ፦ ይዝለል። ኦኖዴራ በመጨረሻ ልቧን ገልጣ እምቢ ተብላ ስታለቅስ፣ ያቺ ልጅ ማን ነበረች ብሎ ወደ ኋላ መግለጡ አይቀርም።