እርማት፦ አፍሪካንስ የጀርመንኛ ዘዬ አይደለም

ወንድሜ፣ «ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚነገረው አፍሪካንስ ያው ጀርመንኛ ነው፤ የጀርመኑን ደራሲ የጎተን ‹ፋውስት› የተባለ የግጥም ተውኔት ለመድረክ ወደ አፍሪካንስ መተርጎም የአንድ ሳምንት ሥራ ነው» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ስህተት ነው። የአፍሪካንስ ወላጅ የሆላንዶች ቋንቋ ደች ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1652 በኋላ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ ኬፕ ላይ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች፣ በባርነት የመጡ ሰዎችና የአገሩ ተወላጅ የሆኑት ኮይኮይዎች አብረው ሲናገሩት የተለወጠ። በ1925 ደግሞ በሕግ የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል።

ለተርጓሚው ትልቁ ጣጣ ግጥሙ ነው። በጀርመንኛ «ሽፕሬኸን» (መናገር) ከ«ብሬኸን» (መስበር) ጋር ቤት ይመታል፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ቀለም (ክፍለ ቃል) ናቸው። አፍሪካንስ ግን የግስ መድረሻውን ስለጣለ፣ የተለመዱት ቃላቱ «ፕራት» (መናገር) እና «ብሬክ» (መስበር) ባለ አንድ ቀለም ናቸው። ቤት መምታቱ ቀረ፣ ስንኙም አጠረ! ተዋናዩ ምቱን እንዳይስት የጎደለውን ቀለም ከሌላ ቦታ ፈልጎ መሙላት ግድ ነው። ይህ ደግሞ በሳምንት አያልቅም።