ይድረስ አንገታችን ላይ ለተንጠለጠልከው ትርፍ ሥጋ

ጉዳዩ፦ ያለ ካርታ ስለያዝከው ቦታ

ክቡር ትርፍ ሥጋ ሆይ፤

ከጣርማ በር ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ድረስ በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ በጡት ሥርና በዐይን ቆብ ላይ ካርታ ሳይኖርህ፣ ግብር ሳትከፍል መስፈርህ ተደርሶበታል። ይዞታህ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ውስጥህ ሲፈተሽ የተገኘው ደግሞ የላላ ኮላጅን (ቆዳን አያይዞ የሚይዘው ክር መሳይ ፕሮቲን) እና ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቻ። ለዚህች ንብረት ይህን ያህል መንጠልጠል!

የቦታ አመራረጥህን ግን እናደንቃለን። ቆዳ ከቆዳ ወይም ከልብስ የሚፋተግበትን እጥፋት ታውቀዋለህ። ማተብ የሚያልፍበት መስመር ላይ ትቀመጥና ክሩ ሲጎትትህ የተበደልክ መስለህ ትቀላለህ፤ የመንዝ በርኖስ ሲደረብበትማ አቤቱታህ አይጣል ነው። ዕድሜ፣ ውፍረትና እርግዝና ያበዙሃል፤ ከነፍሰ ጡር ጋር የመጣኸው አንዳንዴ ከወሊድ በኋላ በፈቃድህ ትሄዳለህ።

ስምህም ጠፍቷል። ሰዉ ኪንታሮት ይልሃል። የቆዳ ኪንታሮት ከቫይረስ የሚመጣ፣ ላዩ ሻካራ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመት ነው፤ አንተ ለስላሳ ነህ፣ አትተላለፍም። «ሲቆረጥ ዘሩን ይበትናል» የሚሉህም ይዋሻሉ። ካልቆረቆርክ ደግሞ መቀመጥ ትችላለህ፤ የሚያስገድድህ የለም።

የሚያሳስቡን አስለቃጮችህ ናቸው። አንዱ በፈረስ ጭራ ያስርሃል። እግርህ ቀጭን ከሆነ ደም አጥተህ፣ ጠቁረህ ትወድቅ ይሆናል፤ መሠረትህ ሰፊ ከሆነ ግን ግማሽህ ሞቶ ግማሽህ ያብጥና ከሥርህ መግል ይቋጥራል። ሌላው የቁልቋል ወተት ያንጠባጥብብሃል፤ ወተቱ አንተንና ጎረቤት ቆዳን አይለይምና ዙሪያውን ያቃጥላል፣ ዐይን ቆብ ላይ ሲሆን ዐይኑን ራሱን ይጎዳል። ምላጭ ያነሣው ደግሞ የደም ሥሮችህን ይረሳቸዋል፤ ደሙ አልቆም ሲለው የቡና ዱቄት ይነሰንስበታል። ቴታነስና የጉበት በሽታ የሆነው ሄፓታይተስ ቢ በዚህ በር ይገባሉ።

ሕጋዊው ማስለቀቅ አጭር ነው። ሐኪሙ ቦታውን በአልኮል ወይም በአዮዲን ያጸዳል፤ ተለቅ ካልክ ማደንዘዣ ይወጋል፤ በወረንጦ ብድግ አድርጎህ ከጀርም በጸዳ መቀስ ከሥርህ ይቆርጥህና በጎዝ ለጥቂት ደቂቃ ይጫናል። በኤሌክትሪክ ማቃጠልም አለ። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝም አለ፤ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅዝቃዜው ቀለም ሠሪዎቹን ሴሎች ስለሚጎዳ ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል፤ ለእኛ አንገት መቀሱ ይሻላል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ማተቡን ላላ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ግን አናልፍህም፤ በርከት ብለህ ስትመጣ፣ በተለይም ማጅራቱ ጠቁሮና ወፈር ብሎ ከሆነ። ያ ጥቁረት እድፍ አይደለም፤ በእንዶድ ቢፈተግም አይለቅም። ብዙ ጊዜ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን አልታዘዝ ማለቱን የሚያሳይ ነው። ባለ አንገቱ በባዶ ሆዱ ስኳሩን ይለካ፦ በዴሲ ሊትር ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲደገምም ያው ከሆነ የስኳር ሕመም ነው። አንተን ቆርጦ ይህን ሳይጠይቅ የሚሸኝ ባለሙያ ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

ሳይነኩህ የምትደማ፣ በሳምንታት ውስጥ የምትፋፋ፣ መልክህን የምትቀይር ወይም የምትጠጥር ከሆንክ አንተ ላትሆን ትችላለህ፤ በስምህ የገባ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ወደ ላብራቶሪ ይላካል። ተጠምዝዘህ በድንገት ብትጠቁርና ብታም እንኳ ሐኪም ይይህ።

ከሰላምታ ጋር፣
የሰሜን ሸዋ አንገቶች

ግልባጭ፦
ለፀጉር አስተካካዮች፤ ምላጩ ማጅራት ላይ ከማረፉ በፊት በጣት እንዲዳብሱ።
ለፈረስ ባለቤቶች፤ ጭራውን እንዲጠብቁ።