እሽጉ ይቅደም ወይስ ድስቱ?

ጭብጡ፦ አንድ የረድኤት ድርጅት በአንድ የገጠር ወረዳ ለ10 ዓመት የሚሠራበት ገንዘብ ቢያገኝ አብዛኛውን ምን ላይ ያውለው? ተከራካሪዎቹ ካዛንቺስ ቢሮ ተቀምጠው የገጠር ፕሮጀክት የሚያቅዱ ሁለት ባለሙያዎች ናቸው።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ፦ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የወረደ ሕፃን በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል፤ ጓሮው እስኪለማ አይጠብቅም። ለከሳ ሕፃን ማከሚያ የሚሰጠው የታሸገ ምግብ፣ ፕላምፒ ነት፣ አንዱ እሽግ 92 ግራም ነው፤ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው ያለበት። ውሃ ስላልገባበት ጀርም አይራባበትም፤ እሳትም አይፈልግም። እዚሁ አገር ውስጥም ይመረታል። የመብላት ፍላጎት ያለውና ሌላ ሕመም ያልተደረበበት ልጅ ሆስፒታል ሳይተኛ በጤና ኬላ ይታከማል፤ 6 ኪሎ ለሚመዝን በሳምንት 17 ያህል እሽግ ይበቃዋል። ገንዘቡ ለዚህና ለልኬቱ ይዋል። ልኬት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ባለ ቀለሙ የመለኪያ ጥብጣብ (ቀይ ክፉኛ የተጎዳ፣ ቢጫ በመካከለኛ ደረጃ የተጎዳ ማለት ነው) በግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መሐል፣ ክንዱ ተንጠልጥሎ ይዞራል። ጠብቆ ከተሳበ ቢጫው ቀይ ይሆናል፤ ከላላ መታከም የነበረበት ልጅ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

የእርሻ ባለሙያው፦ እህቴ፣ 17ቱም እሽግ ለልጁ ብቻ ቢደርስ ኖሮ ባልተከራከርኩዎት። ቤቱ ውስጥ ሌሎች የተራቡ ልጆች ካሉ ይከፋፈሉታል፤ አንዳንዱም ሱቅ ላይ ይሸጣል። ልጁ ቢያገግም እንኳ የሚመለሰው ወደዚያው ቀጭን አጥሚት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገራችን ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረው፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጥሮ ነበር፤ በ2019 ደግሞ 37 በመቶው። እሽጉ የከሳውን ያክማል እንጂ ለመቀንጨር የተሠራ አይደለም። የፒያሳ እናት ፋፋ ከሱቅ ትገዛለች፤ የገጠሯ ያላት ድስቷ ነው። ገንዘቡ በዚያ ድስት የሚበስለውን ለማሻሻል ይዋል።

የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። አጥሚቱ ሲቀጥን የሚሞላው በውሃ ነው፤ ሲወፍር ደግሞ አይውጠውም። የዚህ መፍትሔው ለጠላ የሚሰናዳው ብቅል ነው። ገብሱ ተነክሮ ያድራል፣ ይጠነፈፋል፣ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ይበቅላል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ቡቃያው ታሽቶ ይራገፋል፣ ይፈጫል። ገንፎው ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ሽምብራ ሆኖ ወፈር ተደርጎ ይሠራል። ወርዶ ትኩሳቱ ጋብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይማሰልበታል፤ ጠብታ ውሃ ሳይጨመር በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጥናል። ከዚያ መልሶ ማፍላት ነው፤ ጀርሙ በዚያ ይሞታል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ ብቅሉን የሚፈላ ገንፎ ላይ ይጨምሩና ‹‹አይሠራም›› ይላሉ። የሚያቀጥነው ኢንዛይም እኮ በሙቀቱ ጠፍቷል። የማሽላ ብቅል ከሆነ ደግሞ ቡቃያው የግድ ይራገፍ፤ ሳያናይድ የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ነገር አለበት።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ብቅሉን አልጠላሁትም። ግን ይቁጠሩት፦ መንከር፣ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ ሁለቴ ማብሰል። ይህ ሁሉ ውሃ ለመቅዳት ሰዓታት በምትጓዝ እናት ጫንቃ ላይ ነው። በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸም ይሻግታል። የእርሻ ፕሮጀክቶች የሚያድሉት ዶሮስ ነገሩ እንዴት ነው? ለልጁ እንቁላል ተብሎ ይታደላል፤ እንቁላሉ ለጨውና ለዘይት ገበያ ይወጣል። ዶሮዋ ከሰው ጋር ታድራለች፤ በዳዴ የሚሄደው ሕፃን ኩሷን ከመሬት አንስቶ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ተቅማጥ። ጾም ሲገባ ደግሞ ‹‹ዕቃው ይነካል›› ተብሎ ለሕፃኑም እንቁላል የማይሠራበት ቤት ብዙ ነው።

የእርሻ ባለሙያው፦ 10 ዓመቱ ታዲያ ለምን ሆነና! የዶሮ ቤት ያልሠራ ዶሮ አይሰጠው። ለሕፃኑ ለብቻው ትንሽ ድስት ትገዛለት፤ ቄሱም ያስረዱ፣ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ይሰማሉ። ሰዎች ለሰዎች የተባለውን የረድኤት ድርጅት ይመልከቱ። ተዋናዩ ካርልሄይንዝ ቦም በ1981 እ.ኤ.አ. ከመሠረተው ወዲህ ድርጅቱ ውሃውን፣ ትምህርቱን፣ ጤናውንና እርሻውን አንድ ላይ ነው የያዘው።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ፦ ድርጅቱ ሲወጣስ? የአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ጎማዎቹ እያለቁ በየጊዜው መቀየር አለባቸው። የውሃ ኮሚቴው ከየቤቱ ገንዘብ ሰብስቦ ካላስቀመጠ፣ ጎማውም ቅርብ ከተማ ካልተገኘ፣ በአንዲት ጎማ ምክንያት መንደሩ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ጥብጣብ ግን ጎማ የለውም። እናትየዋ አንዴ ከለመደች ድርጅቱ ኖረ አልኖረ ትለካለች።

የእርሻ ባለሙያው፦ ለካች እንበል፤ ቀይ ሆነ። ልጇን አዝላ ጤና ኬላ ስትደርስ እሽጉ ካለቀስ?

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ፦ ገንዘቡን ለእሽግ ያልኩት እኮ ለዚሁ ነው።